መስኮቱን ለምን ዘጋህባት?

አዳማ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሻሸመኔ ላለው ለልጄ አባት ለዛኪር፤

ሰላምታ ብነፍግህ አላህ ይጠይቀኛልና አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነህ ብዬ ግን አልጠይቅህም። በስልክ ስጮህ ስለምትዘጋብኝ ነው የጻፍኩልህ።

ዐረፋን እናትህ ጋ ታሳልፍ ብለህ ሑስናን ስትወስዳት እየሳቀች ነበር የሄደችው። እሁድ በአይሱዙህ መልሰህ፣ አቅፈህ አወረድካትና "መንገዱ አድክሟት ነው፣ ትተኛ" ብለኸኝ ሄድክ። የአምስት ዓመት ልጅ እኮ ናት ዛኪር! ብጠራት አትሰማ፣ ብነቀንቃት ዓይኗ ይገለበጣል። ከዚያ ታስመልስ ጀመር። በባጃጅ ክሊኒክ አደረስኳት። ሐኪሟ ልብሷን አሸተተችና "ቤት ውስጥ ጋንጃ የሚያጨስ አለ?" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሲሻላት ጠየቅኳት።

"አባዬና ረዳቱ ጋሽ ጉተማ ጋቢና ውስጥ ያጨሱ ነበር። አሳለኝ። መስኮቱን ክፈተው ስለው፣ ኬላው ጋ ፖሊስ ያሸተዋል አለኝ።"

ሰማህ? ሕጉን ፈርተህ መስኮቱን በልጅህ ላይ ዘጋህባት! ለራስህ ስትሳሳ ለእሷ ደረት አላዘንክም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው "ዕፁ ቢገኝ ባለቤቱን እንይዛለን፤ ጭሱን ምን ብለን እንያዘው?" አለኝ።

"ጭሱማ ልጄ ሳንባ ውስጥ ነው! እሱን ሕጉ አይቆጥረውም?" ብዬ ጮህኩበት።

ሽማግሌ ነው፤ አልተቆጣኝም። "ልክ ነሽ ልጄ። ሕፃን ባለበት መኪና ውስጥ ያጨሰ ተብሎ ለብቻው ቢደነገግ ጥሩ ነበር" አለና እስክሪብቶ አነሳ። "እስቲ የሹፌሩን ስም ንገሪኝ።"

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ደግሞ ጠየቀኝ። "አላውቀውም" ብዬ ወጣሁ። በአንተ መናደዱ አልበቃ ብሎኝ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ራሴን እየረገምኩ ሄድኩ።

ሑስና አሁን ትበላለች፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። ከእንግዲህ መኪናህ ውስጥ እግሯን አታስገባም። ልታያት ከፈለግክ ወንድሜ ጠሃ ቤት፣ እሱ ባለበት ታያታለህ። ቅዳሜ ና። በአውቶቡስ ና። ቃሪያ የሌለበት ወጥ እሠራለሁ፤ ጨጓራህን ስለማውቅ ነው እንጂ ይቅር ስላልኩህ አይደለም።

አላህ ከዚያ ጭስ ያውጣህ፤ ለልጅህም ያቆይህ።

የሑስና እናት
ፋዲላ