የመስመሩ ባለቤት ማን ነው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ትንሿን ሳሉ ተዋት ወይ? እኔ እግሬን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ካብዌ ዝናቡ ጀምሯል፣ በቆሎዬም እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ስልክ እያለ ደብዳቤ መላኬ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ይዛልሽ የመጣችው ሴት የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ጸሐፊ ናት። ከእጇ ወደ እጅሽ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

እህትሽን ካቶንጎን ከቀበርን ወዲህ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ሰዎች «ይበቃሻል፣ እንባሽን ጥረጊ» ይሉኛል። እኔ ግን ሥራ ይዣለሁ። ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች እየያዝኩ ወደ ስልክ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ቁጥራቸውን በራሳቸው ስም እንዲያዞሩ።

ባለፈው ማክሰኞ የሄድኩት ከቺሰንጋ እናት ጋር ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለችው፣ ቲማቲም የምትሸጠዋ። ግንባሯ አሁንም እንዳበጠ ነው። ቁጥሯ የወጣው በባሏ መታወቂያ ስለሆነ ለማን እንደደወለች፣ ማን እንደደወለላት ሁሉ ያውቃል። ከፖሊስ ጣቢያ፣ ከተጎጂዎች ክፍል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘናል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ገልጦ እንኳ ሳያየው «ባለቤቱ ይምጣ» አለ።

«የቱ ባለቤት? የስልኩ ነው የእኔ?» አለችው።

«ያው አንድ አይደሉም?» ብሎ ሳቀ። ከኋላችን የተሰለፉትም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። «ስልኩን የገዛችው በቲማቲሟ ነው። ያ ባለቤት የምትለው የሰጣት ነገር ቢኖር ይህ ግንባሯ ላይ ያለው ብቻ ነው» አልኩት። ሳቁ ቆመ። ሰውዬው ግን «ሥርዓቱ ነው፣ እናቴ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

ወንበራቸው ላይ ቁጭ አልኩና ከቦርሳዬ ኦቾሎኒ አውጥቼ መፈልፈል ጀመርኩ። ጥበቃው መጥቶ «እናቴ፣ ይኼ እኮ ገበያ አይደለም» አለኝ። «ገበያ ካልሆነ የምትሸጡት ምንድን ነው? በል ቅመስ» አልኩት። ቀምሶ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ፈለፈልኩ። ገለባው ወለሉን ሲሞላው ኃላፊዋ ከቢሮዋ ወጣች። ስታየኝ ክው አለች። ከዚያ በዚያ ንጹህ ቀሚሷ ገለባው ላይ ተንበርክካ፣ እጆቿን እያጨበጨበች ሰላም አለችኝ። ለካ ናቺምቡሳ ሆኜ ለጋብቻ ካስተማርኳቸው ልጃገረዶች አንዷ ናት!

«ናቺምቡሳዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የባልሽን ስልክ አትንኪ፣ የቤትሽን ነገር ለሰው አታውሪ ብለው ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ። ዛሬ ላርም መጥቻለሁ፤ በይ ተነሽ» አልኳት።

ተነሳች። ወረቀቱን ይዛ ራሷ መስኮቱ ጋ ገባች። በፖሊስ ወረቀትም እንደሚፈቀድ ከመመሪያቸው ላይ ለሰውዬው አነበበችለት። የቺሰንጋ እናት ጥሪዎች ሁሉ ወደ ባሏ ስልክ እንዲዞሩ ተደርጎ ኖሯል፤ አጠፉት። ያው የድሮ ቁጥሯ በስሟ ተመዘገበ። የቺሰንጋ እናት አዲሱን የሚስጥር ቁጥር ልታስገባ ስትል «ሁላችሁም ዙሩ፣ እርስዎም ጭምር!» አለችኝ። ዞርኩላት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ወር ስለ ክንድሽ በስልክ ከነገርሽኝ ወዲህ ድምፅሽ ሌላ ሆኗል። ስደውል የምትመልሺልኝ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብቻ ነው። የአንቺም ቁጥር የወጣው በባልሽ መታወቂያ ነው። እንዲያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የእህትሽም እንደዚያው ነበር።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ካቶንጎ ከባሏ ቤት ሸሽታ የወጣች ዕለት ቁጥሯ አልሠራ አለ። በሁለተኛው ቀን ሲሠራ ደስ አለኝና «ልጄ፣ ከገበያው ጀርባ እዚያው ጓደኛሽ ቤት ቆዪ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። «እሺ ማማ» የሚል መልስ መጣ። እህትሽ ዕድሜዋን ሙሉ የጠራችኝ ባማዮ ብላ ነው። አየሁት፤ ደስታዬ ግን አላስተዋለም። ቅዳሜ የደረስኩት ለቀብር ነው።

የስልክ ሱቁ ኃላፊ ባለፈው ማክሰኞ እንደነገረችኝ፣ መስመሩ በስሙ የተመዘገበ ሰው ጠፋብኝ ካለ በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ካርድ ማውጣት ይችላል። ያ የእህትሽ ባል፣ አማቱ ቤት የማስገቢያው ድግስ ስላልተደገሰለት፣ ሳይደገስ አማትን አታናግር የሚለውን ወጋችንን ጠብቆ በስድስት ዓመት አንድ ቃል አውጥቶልኝ አያውቅም ነበር። መንገድ ላይ ሲያየኝ እንኳ ዞር ነው የሚለው። ልጄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ በዚያች «እሺ ማማ» ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለዚህ ስሚኝ። ረቡዕ እደውልልሻለሁ። እግሬ አላስቆም ብሎኛል፣ መጥተሽ አስታሚኝ እልሻለሁ። አትደንግጪ፤ የምናገረው ባልሽ እንዲሰማው ነው። ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። መታወቂያሽን በትንሿ ልብስ ጠቅልዪው። ስልኩን እቤት ተዪው፤ ቁጥርሽን እኛ እዚህ እናወጣዋለን። የፖሊሱን ወረቀት የምትጽፈዋን ሴት አነጋግሬያታለሁ፤ ክንድሽን ማየት ትፈልጋለች። እስከዚያ በስልክ የምናወራው ስለ በቆሎ ብቻ ነው።

ልጆችሽ እጅሽ ላይ ይደጉ። የምትረግጪው መንገድ ሁሉ ይቅናልሽ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ እኔም መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

የካቶንጎና የአንቺ እናት