የማተሚያ ቤት ስህተት ያልኩት ነገር

መጋቢት 7፣ ማክሰኞ፣ ጧት 3 ሰዓት

የ8ኛ ክ/ል ደብተሮች እርማት አለቀ። ሠላሳ ስምንት። ሁሉም አንድ አፍ። እንግሊዝኛውን በዜማ ማስጠናቴ ፍሬ አፈራ። ቤተ ልሔም ገዳም ሳለሁ የኔታ ድጓ በዜማ እንዳስያዙኝ እኔም እያስያዝኩ ነው።

ደንቡ የራሴ ነው፤ ግሱና ከኋላው የምትከተለው ጅራቱ አይለያዩም። እንደ ግእዙ «ቤተ ክርስቲያን»። በ«ቤተ»ና በ«ክርስቲያን» መሐል ማን ይገባል? «ልበስ» ለማለት «ፑት ኦን»። «ልበሰው» ለማለት «ፑት ኦን ኢት»። ልጆቹ ባንድ ድምፅ ሲሉት ንፋስ መውጫ ገበያ ድረስ ይሰማል።

አዲሱ ፈረንጅ መምህር መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። ፈገግታው አልጣመኝም።

መጋቢት 8፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ሆንኩ።

ፈረንጁ ብቻዬን እስክሆን ጠብቆ ነገረኝ። ጨዋ ነው፤ በሰው ፊት አላዋረደኝም። የምትለብሰውን ኮት በስሙ ከጠራኸው ከኋላም መሐልም ብታደርገው ያስኬዳል አለ። በተውላጠ ስም «እሱን» ካልክ ግን መሐል ብቻ። «ፑት ኢት ኦን»። ታዲያ «ተመልከት» ለማለት «ሉክ አት»ስ? አልኩት፣ ተስፋ ሳልቆርጥ። እሱማ አይለያይም አለኝ፤ «አት» መስተዋድድ ናት፣ ተውላጠ ስሙን ከኋላዋ ታስከትላለች። «ሉክ አት ኢት»። ሁለቱን ዓይነት ደባልቄ አንድ ደንብ አበጅቻለሁ። አራት ዓመት!

ጾም ባይሆንም ዛሬ እህል አይወርድልኝም ነበር። የሚያንገበግበኝ ደንቡ አይደለም። ትርንጎ ናት።

መጋቢት 9፣ ሐሙስ

ትናንት ስሟ ላይ አቆምኩ። ዛሬ ልጻፈው።

ትርንጎ የሰማዳ ልጅ ናት፣ ከወገዳ ወዲያ። እዚህ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማር ነበር። ከክፍሉ አንደኛ። በጥር አንድ ቀን ከት/ቤቱ የመጻሕፍት ሣጥን ያወጣችውን የተረት መጽሐፍ ይዛ ተነሣች። «ቲቸር፣ እዚህስ ኢት መሐል ገብታለች» አለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው አልኳት። ሌላ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። ያም ስህተት ነው አልኩ። ሦስተኛ ልትገልጥ ስትል ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት በእኔ ነው።

መጽሐፉን ነጠቅኳት። አንበረከክኳት። እኔ እንዳስተማርኩሽ ካላልሽ አትነሺም አልኩ። አላለችም። እስከ ደወል እንደተንበረከከች ቀረች። አባትሽን ይዘሽ ነይ!

አባቷ አቶ ደርሰህ አንድ ቀን ተኩል በእግር ተጉዘው መጡ። መምህር ትዳፈራለች አልኳቸው። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን እኔን፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ለመኑኝ። ይዘዋት ሄዱ። ከፋሲካ በኋላ ሊድሯት እንደሆነ አክስቷ ነግራኛለች። ያኔ ቅር እንኳ አላለኝም። ቅር እንኳ!

መጋቢት 13፣ ሰኞ

ፈሪ ነኝ።

ዲሬክተሩን አማከርኩ። መምህር ተሳሳትኩ ካለ ክፍሉ ያልቅለታል፣ ዝም ብለህ አዲሱን አስተምር አሉኝ። ገብቼ ደንቡ ተሻሽሏል አልኩ። እንግሊዞቹ አሻሻሉት! ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሜ። አንዱ ልጅ ከኋላ «መቼ?» አለ። ዘንድሮ አልኩ።

የትርንጎ ጓደኛ ዓለምነሽ ተነሣች። «ታዲያ ለትርንጎ ማን ቀድሞ ነገራት፣ ቲቸር?»

ደወል ሳይደወል ወጣሁ።

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሳልሸፋፍን። እንግሊዞቹም አላሻሻሉም፣ ማተሚያ ቤቱም አልተሳሳተም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን ሲሉት ግን ምላሳቸው ወደ አሮጌው ዜማ ይሄዳል። ከእኔም አፍ አልወጣ አለ።

የ8ኛው መልቀቂያ ፈተና ሰኔ ነው። ትርንጎ አሁን ብትመለስ ትደርሳለች። ዓርብ ጧት ወደ ሰማዳ እነሣለሁ። ዲሬክተሩ አብደሃል አሉኝ፤ ፈቃዱን ግን ፈረሙ።

መጋቢት 18፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ አቶ ደርሰህ ቤት

ደረስኩ። እግሬ ቆስሏል።

አቶ ደርሰህ የሠርጉን ወሬ ሰምቼ የመጣሁ መሰላቸው። ደስታቸው! አጎዛ ተነጠፈልኝ። ውሃ አሙቂ፣ የመምህርሽን እግር እጠቢ አሏት። ትርንጎ ገበቴውን ይዛ መጣችና ፊቴ ተንበረከከች። ልክ እንደዚያ ቀን። ቀና ብላ አላየችኝም።

እግሬን ሳብኩ። ውሃው ፈሰሰ። እዚያው አፈረጥኩት። ልጅዎ ልክ ነበረች፣ አጥፊው እኔ ነኝ፣ እርስዎንም በሐሰት አስጎነበስኩዎ።

አቶ ደርሰህ ገበቴውን ከፊቴ አነሡ። «እኔማ ጎንብሼልህ ነበር» አሉ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ።

ቆይተው ደግሞ፦ «ለወንዱ ወገን ቃል ሰጥቻለሁ። በምን ላጥፈው?» በእኔ አልኳቸው። እኔ ልዋረድበት። ነገ ከቅዳሴ መልስ የሙሽራው አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣሉ።

መጽሐፉን ከአኮፋዳዬ አውጥቼ ለትርንጎ ሰጠኋት። ሳታገላብጥ ገለጠችው፤ ያን ቀን ያላስገለጥኳትን ሦስተኛውን ገጽ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ሳትዘምር። ለእኔ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።

መጋቢት 19፣ እሑድ፣ ጧት

ወስኛለሁ። እንደ ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ ተሸክሜ ነው ሽማግሌዎቹ ፊት የምወድቀው። ልጅቷን እስኪለቁልኝ አልነሣም። አቶ ደርሰህ አልወደዱትም። መምህር ለተማሪው ድንጋይ ሲሸከም በአገራችን አልታየም አሉ። አባት ለመምህር ሲጎነብስ ታይቷል አልኳቸው።

ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። እምቢ ቢሉስ? ተዋርጄ ብቻዬን ብመለስስ?

ከአጥሩ ሥር ትልቁን ድንጋይ መርጬ ሳነሣ ትርንጎ ከበሩ ላይ አየችኝ። ከመጣሁ የመጀመሪያዋ ቃል ናት፦ «ትንሹ ይበቃል፣ ቲቸር።»

ትልቁን ነው የምሸከመው። እያለቀስኩ ነው መሰለኝ፣ ቀለሙ ተበላሸ። ቅዳሴ ወጥቷል። ዳገቱን ነጫጭ ጋቢ እየወጣው ነው፤ አምስት ይሆናሉ። ደብተሬን ትርንጎ ትይዝልኛለች። ደረሱ፣ ድንጋዩን ላንሣ።