ጠበል የጠጣችው ክሊቪያ

ልጄ ሃይማኖት፣ እመቤቴ ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ የአሠሪሽንም ልብ ታራራልሽ። እኛ አለን፣ ይመስገን። ንፋስ መውጫ ዘንድሮ ብርዱ አይጣል ነው፤ የጓሮውን ጎመን ውርጭ ጨረሰው።

በቀለም ቆርቆሮ ተክለሽ ትተሽልኝ የሄድሻትን ክሊቪያ የምትባል አበባ እንዳልሽኝ ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኛት መስኮት ሥር አኖርኋት። በብርዱ ወራት ካልተጠማች አታብብም ስላልሽኝም ውሃዋን ቀነስሁ። አባትሽ ግን፣ «የልጄን አበባ በውሃ ጥም ልትገድያት ነው?» ብሎ፣ ለሕመሙ ከምቀዳለት ጠበል ጠዋት ጠዋት ያጠጣት ጀመር። ተው ብለው፣ «ጠበል ደግሞ ማንን ገደለ?» ብሎ ተቆጣኝ። ይኸውልሽ ሥሯ በስብሶ፣ ትናንት ቅጠሏን ብነካው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሞታለች ብለው አልሰማኝም።

አሁንማ ጭራሽ የራሱን ድርሻ ሳይቀምስ ሁሉንም እሷ ላይ ይገለብጠዋል። ሰውነቱ አልቋል ልጄ፤ መዳንን የተወው ይመስለኛል። እኔም ጉልበቴ እስኪዝል የምቀዳው ለበሰበሰ ሥር ሆነ።

አምላክ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ። እባክሽ ስትደውይ ስለ አበባዋ አትጠይቂው። «አባባ፣ ጠበሉን እርስዎ ይጠጡት» በይው፤ ያንቺን ቃል ምናልባት ይሰማ ይሆናል። እኔ ጠጣ ስለው፣ «እሷስ ምን ትጠጣ?» ይለኛል።

እናትሽ ጥሩዓለም