ለደብረ ታቦር አንድ ቲማቲም

ጁን 3
ቲማቲሙን ከእንጨቱ ጋር እያሰርኩ ነበር፣ በልጄ በቬሊን አሮጌ ሸሚዝ ቅዳጅ። የመንደሩ ሹም በር ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።
«ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»
«እትዬ ዶንካ... እስቲ ተቀመጪ።»
አልተቀመጥኩም። ልጄ ጀርመን አገር፣ ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ...
የጀመርኩትን ቋጠሮ ጨረስኩ። ለምን ጨረስኩት?

ጁን 11
ቀበርነው። እስከ አርባው ጠዋት ጠዋት መቃብሩን ውሃ አጠጣለሁ። እናቴም ለወንድሜ እንዲሁ አድርጋለች። መንገዱ ዳገት ነው።
ልጅ የሞተባት እናት ደግሞ የዓመቱን አዲስ ፍሬ በልጇ ስም ሳታድል አትቀምስም። የቬሊንን ቲማቲም በእኛ አገር ኦገስት 6 ለሚውለው ለደብረ ታቦር በዓል አድላለሁ ብዬ ለቄሱ ነገርኳቸው። ዘሩ የአባቱ ነው፤ ሌላ ሰው ጋ የለም። ቬሊን ማርች ላይ መጥቶ ያለውን ሁሉ ዘራው። «እማ፣ አንዲት ዘር አላስቀረሁም። አደራ!» ብሎኝ ሄደ።
አደራ...

ጁን 29
የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ታቻቸው ጠቁሯል። ጠፍጣፋ፣ እንደ አሮጌ ቆዳ። በሽታ መሆን አለበት። ሰማያዊውን ድንጋይ፣ የሻጋታ መድኃኒቱን፣ ከኖራ ጋር በጥብጬ ረጨሁ።

ጁላይ 5
አሁንም ይጠቁራል። የዶሮ ኩስ ጨመርኩበት። ቅጠሉ ጫካ ሆነ። ፍሬው ግን... ምን በደልኩት?

ጁላይ 8
ጎረቤቴ ዝላትካ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው።
«አንቺ ዶንካ! ቲማቲም ነው ወይስ አጥር የምትቀቢው? ሰማያዊ አደረግሽው እኮ!»
«ታሞብኝ ነው።»
«ምን ታመመ! ጠምቶት ነው።»
«ትናንት ቱቦ ለቅቄበት ነው የዋልኩት!»
«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ስንት ቀን ታስጠሚዋለሽ፣ ከዚያ ትደነግጪና ታሰምጪዋለሽ። ውሃው ሲቆራረጥበት ፍሬው ከታቹ ይሞታል። ኩሱንም ተዪው፣ ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛልሽ።»
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለልጅሽ በየቀኑ ባልዲ ትሸከሚያለሽ። የተከለውን ረሳሽው።»
ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ጁላይ 9
እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቷን ነው። ከመቃብር ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ጓሮው ትዝ የሚለኝ ቅጠሉ ሲጠወልግ ነው።
ዛሬ መጀመሪያ ቲማቲሙን አጠጣሁ። ሥሩ ላይ ብቻ፣ በልክ። ጭድ ጎዘጎዝኩለት። የጠቆሩትን ለቅሜ ጣልኩ። ከዚያ ወደ ቬሊን ወጣሁ። ዘግይተሽ መጣሽ ይለኝ ይሆን?

ጁላይ 12
አርባው። ስንዴ ቀቅዬ አደልኩ።

ጁላይ 24
አዲሶቹ ፍሬዎች ታቻቸው ንጹሕ ነው። በጣቴ አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው።

ኦገስት 1
ሦስት ቀን ዝናብ። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ይሄኛው እውነተኛው በሽታ ነው። ፍሬዎቹም ቡናማ ሆኑ። የተረፉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ከዝናቡ ብዛት ተሰነጠቀ። መርጫውን ሳነሳ ዝላትካ ጮኸች።
«አስቀምጪው! ሰው ሊበላው አይደል? ይልቅ ያንን የቀረውን ቅጠፊው!»
«ገና መቅላት መጀመሩ ነው።»
«ቤት ውስጥ ይቀላል።»
«ካልቀላስ?»
«ስደቢኝ። መቼም አዲስ አይሆንብሽ።»
ቀጠፍኩት። ከእናቱ ነጠልኩት...

ኦገስት 4
መስኮቱ ላይ ነው። አንገቱ አሁንም አረንጓዴ። ከጎኑ የበሰለ ፖም አስቀመጥኩ፣ ያፋጥነዋል አሉ። ደግሞ ቢበሰብስስ? ነካሁት። ተመልሼ ነካሁት።

ኦገስት 6
ቀላ። ደማቅ ሮዝ፣ ልክ የቬሊን አባት ሲያበቅለው እንደነበረው።
ማለዳ ከፈልኩት። ዘሩን ከነውሃው ብርጭቆ ውስጥ አስቀረሁ። የቀረውን በስሱ ቆራርጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በቬሊን ስም አደልኩ። ለሁሉም ደረሰ። ዝላትካ የራሷን ቁራሽ ለሁለት ከፍላ አፌ ላይ ያዘችልኝ።
«በይ እንግዲህ። አሁን መቅመስ ይገባሻል።»
ዋጥኩት። ጣፋጭ ነው። እንዴት ይጣፍጠኛል? አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ «ጨው አብዝተሽበት ነው» አለች።
ዘሩ ሲደርቅ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። አንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም ከእንግዲህ።
ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታነቡ፣ ወይም ከዚህ ዘር የምትተክሉ... በየቀኑ በልክ አጠጡት። ስታጠጡም ልጄን ቬሊንን አስቡልኝ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲያሳርፍለት ለምኑልኝ።