ዓሳ ዓሳ የሚለው ሻይ

ሂድዬ፣

ዛሬ ታች ወርደሽ ምግብ ቤትሽን ስትከፍቺ ውሃ የለም።
ውሃ መሥሪያ ቤታችንን እንዳትረግሚ። ከቆጣሪው ላይ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ሰሞኑን ሻያችን ዓሳ ዓሳ ሲል፣ «ወላሂ ሐይቁን በቧንቧ ለቀቁብን!» ብለሽ ሰፈሩን ሰበሰብሽ። የውሃ ሠራተኛዋ እኔ አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ። እመቤቴ፣ ዓሳው ያንቺው ነው! የውሃ ጎማሽን ዓሳ ማጠቢያው በርሜል ውስጥ ነክረሽ ትሄጃለሽ። መብራት ሲጠፋ የከተማው ፓምፕ ይቆማል፤ ያኔ መስመሩ የበርሜሉን ውሃ ወደ ኋላ ይስበዋል። ንግድ ቤት ውሃ ሲገባለት ቼክ ቫልቭ የግድ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የወጣው ውሃ እንዳይመለስ ያግዳል። አንቺ «ምን ያደርግልኛል» አልሽ፤ እኔም አብሮ መኖር ይዞኝ አለፍኩሽ።

ለኛ ሻይ ብቻ ነው የተበላሸው። ጦርነቱን ሸሽተው ከወልድያ መጥተው ትምህርት ቤቱ ያረፉት ግን ልጆቻቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ መስመር ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛው ሁሉ ለዓሳ አንቺ ጋ እንደሚጎርፍ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ባድሩ ቧንቧ ሠሪው ረፋድ ላይ ቫልቩን ይዞ ይመጣል። ቁርስ አብዪው። እኔ ክሎሪን ላመጣ ደሴ ሄጃለሁ፤ መንገዱ ካልተዘጋ ማታ እገባለሁ። ፔርሙሱ ውስጥ ሻይ አለልሽ፤ ከምንጭ በቀዳሁት ውሃ ነው ያፈላሁት፣ አትፍሪ።

የቆጣሪውን መክፈቻ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጥቼ ነበር።
ከደጅ ተመለስኩ።
ትራስሽ ሥር ነው።

ማርያማዊት