በሱፍ ፍሬ ተሻሽሎ ስለተገኘው ሞተር

ለክቡር ሚስተር ዌንደል ፕራውቲ
የሃርላን ክሪክ ጭነት መኪኖች አከፋፋይ የዋስትና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው የክፍልዎ ሠራተኞች የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን ከወንበር ብዛት፣ ዓይንዎን ከፋይል ብዛት ይጠብቅልዎ። እኔን ከጠየቁኝ ለመተንፈሱ እተነፍሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአውራጃችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች በፋይል ውስጥ በክብር እንደተቀመጡ ጸሐፊዎ በትሕትና ስለነገረችኝ፣ አምስተኛው ደግሞ እዚያ ገብቶ ቦታ እንዳያጣብብብዎ ብዬ ነው። ስሜ ኦርቪል ስቴነሩድ ነው። ከካሪጋን ዳገት ሥር ከብት አረባለሁ። እርስዎ ግን በስሜ ሳይሆን በፒክአፓችን የሰሌዳ ቁጥር ያውቁኛል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ማርሊስ፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝታ የሞተሩን ጉልበት የምትጨምር፣ ከሞባይል ስልክ የማትበልጥ አንዲት መሣሪያ ለመግዛት ሁለት የበረዶ ወቅት ሙሉ ስትመኝ ኖራለች። መሣሪያዋ የጭስ ማጣሪያውን አስቆርጣ የምታስጥለው፣ ሕግ የሚያሳድዳት ዓይነት አይደለችም፤ የተፈቀደችዋ ናት። የማርሊስ ምክንያት ያው ዳገቱ ነበር። ፈረስ የጫነ ተጎታች ከኋላ አስረን ካሪጋንን ስንወጣ ፒክአፓችን እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማርሽ እየቀነሰ ሲያቃስት፣ ግንድ የጫኑ መኪኖች ከኋላችን እንደ ቀብር ሸኚ ተሰልፈው ይከተሉናል። መሪውን የምትይዘው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ምክር እሰጣለሁ። «ኦርቪል፣ ይሄ መኪና እኮ ጉልበት አላጣም» ትለኝ ነበር፤ «ፋብሪካው አፉን ይዞት ነው።»

እኔ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ በአውራጃችን የዋስትናውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካነበቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ሌላው እርስዎ እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ «እንግዛ ወይስ እንተው?» ብዬ ምክርዎን በጽሑፍ ጠየቅሁ።

እነሆ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ምክርዎ። «ፋብሪካው አስቦ በሠራው ላይ መጨመር አይመከርም፤ መኪናው እንደተሠራ እስካለ ድረስ እኛ ከጎንዎ ነን» ብለው መለሱልኝ። ከጎኔ የሚቆም ሰው ማግኘቴ እንዴት እንዳስደሰተኝ! ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ማርሊስ ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር እያነበበችው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሚስተር ፕራውቲን? ለመሆኑ ሰውዬው ዳገቱን ወጥቶት ያውቃል?» ትለኝ ነበር።

«ዋስትናው የሚያልቀው ጥቅምት ላይ ነው፤ ያኔ እንገዛታለን» አልኳት።

«ጥቅምት ከብቱ የሚወርድበት ወር ነው እኮ። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ምን ይሠራልኛል?»

መልስ ያጣ ባል እንደሚያደርገው ለገና ስጦታ ገዛሁላት። መሣሪያዋን ግን አልገዛሁም፤ መሣሪያዋ የምትቀመጥባትን፣ ከመሪው በስተግራ በሁለት ብሎን የምትታሰረውን ጥቁር የፕላስቲክ መያዣ ብቻ ነበር። ለጥቅምት ቃል መግባቴ መሆኑ ነው። ጎረቤታችን ዱዌይን ሲያያት ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ «ኦርቪልማ ኮርቻውን ገዝቶ ፈረሱን ለከርሞ ቀጠረው» አለ። ማርሊስም ሳቀች፤ ከዚያ መያዣዋን ራሷ በጠመንጃ መፍቻ አሰረቻትና ክፍት ጉድጓዷን የተቆላ የሱፍ ፍሬ ሞላችው። እየነዳች መቆርጠም ትወድ ነበር።

መጋቢት ላይ የቆሽት ካንሰር እንዳለባት ሐኪሙ ነገረን። እስከ ሐምሌ ብትቆይ ነው አለን። በእኛ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ ሰኔ ላይ ከብቱ ወደ ላይኛው ሣር ሲወጣ፣ ከፊት እየነዳች ሄዳ የግጦሹን አጥር በር የምትከፍተው የቤቱ ሴት ናት። ከማርሊስ በፊት እናቴ ነበረች፤ ማርሊስ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍታዋለች። ከሐኪሙ ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ሰኔ ላይ እኔ ልንዳ። ዶቲን ጭኜ በሩን እከፍታለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አለችኝ። ዶቲ የሃያ ሁለት ዓመት ባዝራዋ ናት። እሺ አልኳት። በዓለም ላይ ቀላሉ እሺ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ዓይንዎ ጥራት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በራች። የጭስ ማጣሪያው ሴንሰር ተበላሽቶ ኖሮ ኮምፒውተሩ መኪናውን ቀጣው፤ በሰዓት ከአምስት ማይል በላይ አልሄድም አለ። አስጎትተን አመጣንልዎ። ሠራተኞችዎ በሰው ወግ ተቀብለውን፣ ሴንሰሩ በዋስትና እንደሚቀየር ነግረው፣ ለሐሙስ ቀጠሩን። ከዚያ አንድ ጠንቃቃ መርማሪዎ የማርሊስን መያዣ አየ። አሥራ አንድ ፎቶግራፍ አነሳ፤ በአሥራ አንዱም ላይ የሱፍ ፍሬው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መዝገባችሁ ላይም «የሞተር ኃይል ማሻሻያ ምልክት ተገኝቷል» ተብሎ ተጻፈ። እኔ አላዋቂው እስከዚያ ቀን ድረስ የሱፍ ፍሬ የናፍጣ ሞተር ጉልበት እንደሚጨምር አላውቅም ነበር። ከብቶቼ ለዓመታት በልተውታል፤ አንዳቸውም ዳገት ላይ አልፈጠኑም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሐሙስ። ይህችኛዋ ረዘም ትላለች፤ ይታገሡኝ።

ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማየት ሞተሩ ተነክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በሩብ ሰዓት ይናገራል፤ ነገር ግን ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ሐሙስ ይመጣል ተባልን። ሐሙስ መጣ፤ ፈቃዱ ቀረ። «የሴንሰሩን ዋጋ እኔው ልክፈልና ልውሰደው» ብዬ ለመንኩ። ከከፈልኩ ጥፋቴን እንዳመንኩ እንደሚቆጠር፣ ፋይሉ ሳይዘጋ ደግሞ መኪናው እንደማይነካ በትሕትና አስረዱኝና ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሩኝ። ማርሊስ በየሐሙሱ ጠዋት ቦት ጫማዋን አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ ቦቱን ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ፤ እግሯ አብጦ ነበርና።

ከብቱ መጠበቅ ስለማይችል ዱዌይንና ልጆቹ በፈረስ ነድተው አወጡልን። ማታ መጥቶ ኮፍያውን እያሻሸ፣ «ማርሊስ፣ በሩን አልነካሁትም። ከብቶቹን በታችኛው ክፍተት አስገባኋቸው። በሩ ያንቺ ነው፤ ስትመጪ ትከፍቺዋለሽ» አላት። እሷም «ጎሽ፤ ብትነካው ኖሮ አልለቅህም ነበር» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ዱዌይን የራሱን መኪና ደጃችን አቁሞ ቁልፉን ዘረጋልኝ። «ውሰዳት፤ ዛሬውኑ። ሐሙስ ሐሙስ እያልክ ሰውዬው እጅ ላይ ወድቀህ ቀረህ እኮ።»

ክቡር ሆይ፣ ያን ቁልፍ አልተቀበልኩም። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ በስልክ «ሐሙስ ያለ ጥርጥር» ብለውኛል። በራሷ መኪና፣ በራሷ ወንበር ብትሄድ ይሻላታል፤ ሁለት ቀን ምን አላት? ብዬ አሰብኩ። ሕይወቴን በሙሉ በወረቀት ላይ የተጻፈን ነገር ያመንኩ ሰው ነኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ከብት ለሌለው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሐሙስ ስልክ ደወልኩ፤ ፈቃዱ አልደረሰም። ከዚያ ወዲያ ሐሙስን አልቆጠርንም። ሐምሌ ሁለት ቀን፣ በሩን ሳትከፍት፣ መኝታ ቤታችን ውስጥ አረፈች።

አራተኛ፦ ስለ ውሳኔዎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በተቀበረች በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤዎ መጣ። መኪናው በስሟ ስለሆነ «ክብርት ወይዘሮ ማርሊስ ስቴነሩድ» ይላል። ሞተሩ ተሻሽሎ በመገኘቱ ዋስትናው ለዘለዓለም መሰረዙን ይገልጽና፣ ስለ ትዕግሥቷ ያመሰግናታል። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ መታየቱን ግን የትም አይገልጽም። በእርግጥ ትዕግሥተኛ ነበረች። ከእኔ ጋር የኖረች ሴት ናት።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። የቀረው የእርስዎ ጥፋት አይደለምና። እርስዎ አንድ ፋይል አዘገዩ፤ የዱዌይንን ቁልፍ የመለሰው የእኔ እጅ ነው። እርስዎ ከሺህ መኪና አንዱን ተጠራጠሩ፤ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቅኋት ሴት የለመነችኝን ትቼ፣ አንድም ቀን አግኝቼው የማላውቀውን ሰው ደብዳቤ ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፍኩ። ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን በጋዜጣ ላይ ለመጻፍ አላፍርም። ለእርስዎ የምጽፈውም፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ለእሷ መጻፍ ስለማልችል ነው።

ሴንሰሩን በሌላ ጋራዥ ከኪሴ አስቀይሬ መኪናውን ወደ ቤት አምጥቻለሁ። አሁን አንድ የመጨረሻ ምክር እለምንዎታለሁ። ያቺን መሣሪያ እንዳልገዛ የከለከለኝ ዋስትናው ብቻ ነበር፤ እርስዎም በቸርነትዎ እሱን ከመንገዴ አንስተውልኛል። ልግዛት ወይስ ልተው? ገዝቼ ጉልበቱ እውነት ቢሆን፣ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ እንደከለከልኳት አውቃለሁ። ባልገዛ ደግሞ ሙታንም እንኳ ሊያሳምኑኝ ያልቻሉ ደረቅ ሰው ሆኜ እቀራለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ከእርስዎ የበለጠ ልምድ ያለው አማካሪ ስለማላውቅ መልስዎን በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ። ቀኑን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ ሐሙስ ባይሆን ግን ደስ ይለኛል።

ወንበርዎ ይጽና፣ ፋይልዎ ይብዛ፣ በቤትዎ የሚጠብቅዎ ሰው እስከ ሽበት ይቆይልዎ እያልኩ፣ ከጎኔ እንደቆሙ ለማመን ፈጽሞ ያልሰነፍኩት፣

ትሑት ደንበኛዎ የነበርኩ
ኦርቪል ስቴነሩድ
ከካሪጋን ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ምክርዎን መጠበቅ ተሳነኝና መሣሪያዋን ገዛሁ። ስለዚህ በሐምሌ «ሞተሩ ተሻሽሏል» ብለው የጻፉት ቃል ከባለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እውነት ሆኗል፤ ክፍልዎ በሐሰት እንዳይታማ የበኩሌን አድርጌያለሁ። ዶቲን ጭኜ ካሪጋንን ወጣሁ። መኪናው አንድም ጊዜ አላቃሰተም፤ ግንድ የጫኑትም ከኋላዬ ርቀው ቀሩ። ጫፉ ላይ ሞተሩን አጠፋሁና በትዳር ዘመኔ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገርኩ፤ «ልክ ነበርሽ» አልኩ። ከባዝራዋ በቀር የሰማኝ አልነበረም። እባክዎ ይህችን ቃል ለማርሊስ ያድርሱልኝ፤ ከተቀበረች በኋላ ደብዳቤ ስለላኩላት አድራሻዋን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።