ለገዙት አገር ደረሰኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የእንግሊዝ ኢምፓየር፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ፣ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ሱቅ ስላለኝና የእጅዎን ሥራ በየቀኑ ስለማይ፣ ወሬውን አላመንኩም።

ሀቢሶ ዱካሞ እባላለሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አማርኛን ከእናቴ ሳይሆን ከገበያ ስለተማርኩ፣ "ገዛ" ማለት ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ መውሰድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የታሪክ መምህራችን እንግሊዝ ህንድን ገዛች፣ ኬንያን ገዛች፣ ደቡብ አፍሪካንም ገዛች ብለው ሲያስተምሩን፣ በልጅነት ልቤ ሀብትዎን እጅግ አደነቅኩ። እጄን አውጥቼ ሻጩ ማን እንደነበር ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ መምህሩም ቃሉ በጉልበት ማስተዳደርም እንደሆነ አስረዱኝ። ያኔ አፍሬ ተቀመጥኩ። ዛሬ ግን ጥያቄዬን መልሼ ለማንሣት ተገድጃለሁ።

ሱቁን ወደ አገሩ ከተመለሰው ከቀድሞው ባለሱቅ ከሚፍታህ ገዝቼ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ ማለትም አያት፣ እያለ በሚጠራቸው በኖማሶንቶ ጓሮ ተከራይቼ፣ ከባለቤቴ ከኤርጎጌ ጋር ዳቦና ላምባ እየሸጥን እንኖራለን። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው መጡና፣ እንደ ወትሮው ማይ ፍሬንድ ብለው ጠርተውኝ፣ ባዕድ ስለሆንኩ እስከ እሁድ ለቅቄ እንድወጣ ነገሩኝ። ሱቁን የገዛሁበትን ደረሰኝ ባሳያቸው፣ ወረቀት ሰውን የአገር ልጅ አያደርግም አሉኝ። ፊት የቆመው የጎጎ የልጅ ልጅ ነው፤ ጎጎ አልቅሰው ቢለምኑትም አልሰማቸውም። አምና ጎጎ ታመው ሲተኙ ኤርጎጌ በየቀኑ ሾርባ ስታደርስ፣ በሩን የሚከፍትላት እሱ ነበር።

ስለዚህ ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክቡርነትዎ በዚህ አገር የኬፕን ግዛት ሲይዙ፣ ናታልን ሲጨምሩ፣ የዙሉን መንግሥት በመድፍ ሲያፈርሱ፣ በኋላም የወርቁን አገር በጦር ሲወስዱ፣ የመኖሪያና የንግድ ፈቃድዎን የጠየቀዎ ቢሮ ስለመኖሩ የትም አላነበብኩም። ዘዴውን ለእኛ ሳይነግሩን መቅረትዎ ቅር አሰኝቶኛል።

ሁለተኛ፣ በፈረንጆቹ 1904 ከተማው ውስጥ ወረርሽኝ ሲገባ፣ ሹማምንትዎ የድሆቹን ሰፈር አቃጥለው ጥቁሩን ነዋሪ እዚሁ አጠገባችን ወዳለው ወደ ክሊፕስፕሩት፣ የከተማው ፍሳሽ ወደሚወርድበት ሜዳ፣ ስላዛወሩት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ያኔ ልጅ የነበሩት የጎጎ አያት ከተዛወሩት መካከል ነበሩ፤ የተነገራቸውም ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ የሚል ነበር። ዛሬ የእሳቸው ዘር ያንኑ ቃል ለእኔ ሲናገር ሰማሁት። አስተማሪው ከሄደ በኋላ ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ ትምህርት መስጠት ለማንም የተሰጠ ችሎታ አይደለም።

ሦስተኛውን ጀምሬው ነበር፤ ኤርጎጌ ግን የሚያነበው ስለሌለ ይልቅ መደርደሪያውን ብፈታ እንደሚሻል ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ቮስሎሩስ ወደሚባለው ሌላ ሰፈር ብንሄድም እዚያም እሁድ አለ። ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ፤ የምሄድበትንም አላውቅም።

እኔ ቃሉን ገበያ በተማርኩት ትርጉም ገዛሁ፤ እርስዎ መምህሬ ባስረዱኝ ትርጉም ገዙ። እኔ ደረሰኜን ይዤ እወጣለሁ፤ እርስዎ ያለ ደረሰኝ ስምዎ በየመንገዱ ተጽፎ ይኖራል።

በግማሽ በታሰረ ካርቶን ላይ ተቀምጬ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ ከማይነጥፍ አክብሮቴ ጋር እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣ ለዘመናት ያሳዩንን ቸርነት ፈጣሪ በዚያው መጠን እንዲከፍልዎ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሀቢሶ ዱካሞ
እስከ እሁድ ድረስ የክሊፕታውን ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ደረሰኙ ከመዝገብ ቤትዎ ከተገኘ ለእኔ አይላኩት፤ አድራሻ አይኖረኝም። ለጎጎ ኖማሶንቶ ይላኩላቸው። ክቡርነትዎ ለአፍሪካ ሁሉ ካርታ ሲያወጡ፣ ጎጎ ተወልደው ላረጁበት ቤት ግን እስከ ዛሬ ካርታ ያወጣላቸው የለም። እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ቀጥሎ ወረቀት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።